«ፈረስ አይበለትም» የሚሉት እትዬ ይታይሽ

የእትዬ ይታይሽን ዕረፍት የሰማሁት ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ነው። የደወሉልኝ ታላቅ ወንድማቸው ጋሽ አየነው ነበሩ። «ሐብታሙ፣ እህቴ ዛሬ ጠዋት አረፈች» አሉኝ። ሌላም ሊነግሩኝ ጀምረው ነበር፤ ኔትወርኩ ተቋረጠ። «ወራጅ!» ብዬ ጮህኩ። ረዳቱ ቤት በሌለበት ሜዳ ላይ የሚወርድ ሰው ሲያይ ግራ ገባው። ወርጄ፣ መንገዱን ተሻግሬ፣ ባገኘሁት መኪና ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ እንጅባራን አልፌ ትውልድ ቀያቸው ጥርባ ገባሁ።

የለቅሶው ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ለመሆኑ የይታይሽ ሥራዋ ምን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«ዳታቤዝ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንዳልገባቸው ግን ያስታውቃል። ያ መልሴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቆጠቁጠኛል። እንደ እሳቸው ላለ ሰው አንዲት የባዕድ ቃል ወርውሮ ዝም ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ለሽማግሌው ልነግራቸው የሚገባኝን እዚህ እጽፈዋለሁ።

እትዬ ይታይሽ የተወለዱት ጥርባ ነው። ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው አገውኛ ነበርና አማርኛን የለመዱት ትምህርት ቤት ገብተው ነው። ትምህርት ላይ እሳት ስለነበሩ መንግሥት ጀርመን አገር ልኮ ኮምፒውተር አስተማራቸው። ተመልሰው አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ሠሩ። ጡረታቸው ሲቃረብ ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ አገራቸው መጡ። እንጅባራን አንድም ቀን እንጅባራ ብለው አያውቁም፤ ለእሳቸው እስከ መጨረሻው በድሮ ስሟ ኮሶበር ነበረች። እኔ ወደምሠራበት የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት የመጡት በኮንትራት ነው፤ ሥራችንም የዞኑን ፈረሶች መመዝገብ ነበር።

ቁጭ ብሎ ማሰብ አይሆንላቸውም። አንድ ሐሳብ ሲመጣላቸው ወንበራቸው ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ነጠላቸው ከትከሻቸው ይወርዳል፤ መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ክፍሉን ይዞሩታል። እኛ ወጣቶቹ በሥራ ሰዓት ስናዛጋ እሳቸው ከጠዋት እስከ ማታ እንደ ሙሽራ ቤት ሰው ሞቅ ብለው ይውላሉ።

የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይለኛል። የሠራሁትን የመዝገብ ንድፍ በኩራት ከፍቼ አሳየኋቸው።

«ይሄ የፈረሶች ሠንጠረዥ ነው፣ እትዬ። ይሄ የባለቤቶች ነው። ይሄ የክትባት፣ ይሄ የበሽታ፣ ይሄ ደግሞ የሽያጭ።»

ጠጋ ብለው አዩት። «ፈረሱስ የት አለ?»

«በሁሉም ውስጥ አለ። ሲያስፈልገን በመለያ ቁጥሩ እናገጣጥመዋለን።»

«በለትከው እኮ!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። «ራሱን እዚህ፣ እግሩን እዚያ፣ ሆዱን ወዲያ አድርገህ በየመደርደሪያው ደረደርከው። አንተ ልጅ፣ በሬ ይበለታል። ፈረስ ግን አይበለትም!»

ክፍሉ በሳቅ አወካ። እኔም ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን ቆስሏል። የተማርኩት እንደዚያ ነበር። ዓለም ሁሉ መረጃውን የሚያስቀምጠው በሠንጠረዥ ነው፤ ረድፍና ዓምድ፤ አንዱን ከሌላው የሚያያይዝ ቁጥር። ሴትዮዋ ደግሞ ኦብጀክት ዳታቤዝ ስለሚባል ነገር ያወሩ ነበር፤ ነገሩን ሳይቆራርጡ፣ ከነታሪኩና ከነዘመዱ እንዳለ የሚያስቀምጥ። መምህራችን ኮሌጅ እያለን «ይህ ነገር ተሞክሮ የሞተ ነው፤ ፈተና ላይ አይመጣም» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎታል። ስለዚህ በልቤ «ሟች ይዘው የመጡ አሮጊት» አልኳቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ነገሩ የተገለጠልኝ ዳንግላ ነው። የጋሪ ፈረሶችን ልንመዘግብ ሄደን ተሻለ የሚባል ባለጋሪ ወደ ገበያው ይወስደናል። ፈረሱ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ ነበር። እትዬ ይታይሽ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀምጠናል። ድፍረት አገኘሁና «እትዬ፣ ይሄ ኦብጀክት ዳታቤዝ የሚሉት ነገር ከሞተ ቆየ አይደል?» አልኳቸው።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ሳቁ። «መሞቱን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ቀባሪው እኮ እኔ ነኝ» አሉና ጀመሩ።

አዲስ አበባ እያሉ ለአንድ የመኪና መለዋወጫ ድርጅት መዝገብ ሠርተው ነበር። «ሞተር ምንድነው? ውስጡ ፓምፕ አለ። ፓምፑ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዕቃ አለ፤ ያንን የሚይዝ ብሎን አለ። እኔ ሞተሩን እንዳለ አስቀመጥኩት። ስትጠራው ሆዱ ውስጥ ያለው ሁሉ ተከትሎት ይመጣል። ባለሠንጠረዡ ሲገጣጥም ሲለቃቅም የእኔ ጨርሶ ይቀመጣል። እንዴት ያለ ፍጥነት መሰለህ! ደስታዬን አልችለውም ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን መጣና 'ይቺ ብሎን ብልሽት አለባት አሉ፤ የት የት እንደገባች ንገሪኝ' አለኝ። እኔ መንገድ የሠራሁት ከሞተሩ ወደ ብሎኑ ነው። ከብሎኑ ወደ ሞተሩ መመለሻ የለኝም! ያንን ሳስተካክል ስንት ሳምንት አለፈ። ሠንጠረዥ የሚወድ ባልደረባ ነበረኝ፤ እሱ ያንኑ ጥያቄ ሻዩ ሳይበርድ መለሰው። የሠንጠረዥ ጉልበቱ ይሄ ነው፣ ሐብታሙ። ማንም ያላሰበውን ጥያቄ ብትጠይቀውም ይመልስልሃል። የእኔ የሚያውቀው አስቀድሜ የጠረግሁለትን መንገድ ብቻ ነበር።»

«ታዲያ አልተናደዱም?»

«ተናድጄ ነበር እንጂ! በዚያ ላይ ዳታቤዙን የሠራው የውጭ ኩባንያ ተዘጋ። የጻፍኩትን ሁሉ ትቼ ወጣሁ። ቢሮው ውስጥ 'የሟች እናት' እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አልቅሻለሁ።» ከዚያ ፊታቸው በራ፤ ድምፃቸውም ተቀየረ። «ግን ስማ! ከዓመታት በኋላ የባለሠንጠረዡን ዳታቤዝ አዲስ ስሪት ጫንኩና መመሪያውን ከፈትኩ። ውስጡ ምን አየሁ? 'የራስህን ዓይነት ፍጠር' ይላል። 'ፈረስ የእንስሳን ጠባይ ይውረስ' ይላል። 'በአንዲት ሣጥን ውስጥ ሙሉ ታሪክ አስቀምጥ' ይላል። 'አንዱን ይዘህ እስከ መጨረሻ ዘመዱ ተከተል' ይላል! ይሄ ሁሉ እኮ የእኛ ነው! አሸናፊው የተሸናፊውን ልብስ ለብሶ ቆሟል!»

ይህን ሲሉ በሚሄደው ጋሪ ላይ ብድግ ብለው ቆመዋል። መነጽራቸው በእጃቸው፣ ነጠላቸው በነፋስ።

«እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ይወድቃሉ!» ብሎ ተሻለ ልጓሙን ሳበ።

«አልወድቅም! አንተ ንዳ!»

ገበያው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። እኔ ደግሞ ስለ ዳታቤዝ እንደዚያ ደስ ብሎት የሚያወራ ሰው አይቼ አላውቅም ነበርና አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

የዚያን ዕለት ግን ተጣላን። እትዬ ይታይሽ ባለጋሪዎቹን ሲመዘግቡ ስምና ዕድሜ፣ መልክና ክትባት ጠይቀው አያቆሙም። «ይሄ ልጓም ከማን መጣ? ይሄን ጠፍር ለማን አውሰኸው ታውቃለህ? ከዚህ በፊት የማን ነበር?» ይላሉ። ተሻለ ራሱን እያከከ «ጠፍሩንማ ቡላ ፈረስ ያለው ጎረቤቴ ሲበጠስበት ይወስደዋል። እኔም የእሱን እወስዳለሁ። ምን ችግር አለው?» ይላቸዋል። ሰልፉ ተንዛዛ። ባለጋሪዎቹ አጉረመረሙ።

«እትዬ፣ ለዚህ ዓምድ የለንም» አልኳቸው።

«ፍጠርለታ!»

«አንዱ ፈረስ ሁለት ታሪክ አለው፣ ሌላው ሃያ። እንዴት ብዬ ዓምድ ልፍጠር?»

«ዓምድ ማን አለህ? አንድ ሣጥን ስጠኝ፤ ታሪኩን እንዳለ እዚያ ውስጥ አስቀምጥልኝ። የአንተን ሠንጠረዥ አልነካብህም። ባለቤቱም ቀበሌውም እንደበለትከው ይቀመጥ።»

ሁለት ቀን አኮረፍኩ። በሦስተኛው ቀን ሣጥኑን ሠራሁላቸው፤ አምኜበት አልነበረም፣ እንዲተዉኝ ብዬ ነው።

ከወራት በኋላ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ዳንግላ ውስጥ የፈረስ በሽታ ገባ። ቆዳ ሥር እንደ ባቄላ የሚያብጥ፣ ኋላ የሚፈነዳና የሚቆስል፣ በንክኪም በዕቃም የሚተላለፍ። ክፋቱ ደግሞ ምልክቱ ሳይታይ ሳምንታት መቆየቱ ነው። መጀመሪያ የታየው በተሻለ ቦራ ላይ ነበር። በሳምንቱ ሌሎች ሁለት ታመሙ።

ኃላፊያችን አቶ ምናለ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሰበሰቡንና «የዳንግላ ጋሪ በሙሉ እንዲቆም ዛሬ ይወሰናል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከባለጋሪዎቹና ከነጋዴዎቹ ጋር ስብሰባ አለ» አሉ።

«በሙሉ?» አሉ እትዬ ይታይሽ።

«የትኛው እንደተነካ አናውቅም፣ ወይዘሮ ይታይሽ። ምን ላድርግ?»

ጋሪ ከቆመ ዳንግላ ውስጥ እህሉ ከገበያ ወደ ሱቅ አይሄድም፤ ባለጋሪው ማታ ወደ ቤቱ የሚይዘው የለም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እትዬ ይታይሽ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ አቶ ምናለን አዩና «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጊዜ ስጡን» አሉ። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ኮምፒውተሩ ጎተቱኝ።

«ከቦራ ጀምር» አሉኝ። «ዕቃው የነካውን ፈረስ ፈልግ። ያ ፈረስ ደግሞ በዕቃው የነካውን ፈልግ። ከዚያም የዚያኛውን፤ ማለቂያው እስኪደርስ።»

ጻፍኩት። ማሽኑ ሥራ ጀመረ። አምስት ደቂቃ አለፈ፤ አሥር ደቂቃ አለፈ። መልስ የለም። እትዬ ይታይሽ ክፍሉን እየዞሩ ነው። ድንገት ቆሙና ራሳቸውን በመዳፋቸው መቱ።

«እየዞረ ነው! እንደ እኔ እየዞረ ነው! ተሻለ ጠፍሩን ለጎረቤቱ ያውሳል፤ ጎረቤቱ መልሶ ለተሻለ ያውሳል። ማሽኑ ከቦራ ወደ ቡላ፣ ከቡላ ወደ ቦራ እየተመላለሰ ነው። የረገጠውን መልሶ እንዳይረግጥ ንገረው!»

እያንዳንዱ የተነካ ፈረስ የመጣበትን መንገድ እንዲያስታውስ አድርጌ እንደገና ጻፍኩት። ቁልፉን ተጫንኩ። ዓይኔን ሳልከድን ዝርዝሩ ብቅ አለ። እትዬ ይታይሽ እልል አሉ። ቢሮ ውስጥ! አቶ ምናለ ምን መጣ ብለው በሩን ከፍተው አዩን።

ዝርዝሩ ረጅም አልነበረም። ከዳንግላ ፈረሶች ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፤ ከቦራ በኋላ የታመሙት ሁለቱም ውስጡ አሉበት። ያኔ ልቤ በደስታ ዘለለ። ወደ ታች ሳየው ግን የመጨረሻው ረድፍ ላይ ቆምኩ። ዳማ ፈረስ፣ ጥርባ፣ ባለቤቱ አየነው። የቡላው ባለቤት፣ የተሻለ ጎረቤት፣ አሮጌ ኮርቻውን ገበያ አውጥቶ ሸጦ ነበር፤ የገዙት የእትዬ ይታይሽ ወንድም ናቸው። ራሳቸው እትዬ ይታይሽ የወንድማቸውን ፈረስ ሲመዘግቡ ያስገቡት ታሪክ ነው።

ስክሪኑን ወደ እትዬ ይታይሽ አዞርኩት። እሳቸውም አነበቡት።

«ለጥር የፈረሰኞች በዓል ያዘጋጀው ፈረስ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ከልጆቹ አስበልጦ ነው የሚወደው።»

«ምልክት እኮ አልታየበትም፣ እትዬ። ጥርባም ሩቅ ነው። ዛሬ ከዝርዝሩ ብናወጣውና ሌላ ቀን ሄደን ብናየው…»

መነጽራቸውን አደረጉ። «የእኔን ወንድም ባወጣ የቀረውን ስም ማን ያምንልኛል? አትመው።»

ስብሰባው ላይ አዳራሹ ሞልቷል። ባለጋሪዎቹ ቆመዋል፤ የእህል ነጋዴዎቹ ፊት ተቀምጠዋል። አቶ ምናለ ዝርዝሩን አነበቡ። ተሻለ ብድግ ብሎ «የእኔስ ይሁን፣ ቦራዬ ታሟል። ግን ወረቀቱ እውነቱን መናገሩን በምን እናውቃለን?» አለ።

ከነጋዴዎቹ መካከል አንድ ሐጂ ተነሡ። «ጥያቄ አለኝ። ምናልባት ከውኃው ቢሆንስ? የታመሙት አንድ ቦታ ይጠጡ እንደሆነ አይታችኋል?»

አላየንም ነበር። ያንን ጥያቄ ማንም አላሰበውም። እትዬ ይታይሽ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ላፕቶፑን ከፈትኩ። የባለቤቱ ሠንጠረዥ ቀበሌ አለው፤ የቀበሌው ሠንጠረዥ የውኃ ቦታ አለው። ሦስት መስመር ጻፍኩ። «የታመሙት ሦስቱም የሚጠጡት ከተለያየ ቦታ ነው» አልኩ። «የሚያገናኛቸው ዕቃው ብቻ ነው።»

እትዬ ይታይሽ በሰው ሁሉ ፊት አጨበጨቡልኝ። «አያችሁት? የተበለተው ሥጋ ጠቀመ!» አሉ። ነገሩ የገባን ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ አዳራሹ ግን አብሮ አጨበጨበ። ዝርዝሩ ላይ ያሉት ፈረሶች ለብቻ ተለይተው እንዲታከሙ፣ ዕቃቸው እንዲቃጠል ተወሰነ። የቀረው የዳንግላ ጋሪ በማግሥቱ ሥራውን ቀጠለ።

እኛ ግን በማግሥቱ ከአንድ የእንስሳት ሐኪም ጋር ጥርባ ሄድን። ጋሽ አየነው ደጃቸው ላይ ቆመው እህታቸውን በፈገግታ ተቀበሉ። ምን ይዘን እንደመጣን ሲሰሙ ግን ፊታቸው ጠቆረ። በአገውኛ ተጨቃጨቁ። እኔ የሰማሁት ድምፃቸውን ብቻ ነው፤ የሁለቱም ከፍ ያለ ነበር። ኋላ ጋሽ አየነው ወደ እኔ ዞሩና በአማርኛ «ጤነኛ ፈረስ ነው! እዩት እስቲ፣ እንደ መስታወት ያበራል። ኮምፒውተር ከእኔ ዓይን በለጠ?» አሉኝ።

እውነትም ፈረሱ ያበራል። አንድ እንከን አይታይበትም። ሐኪሙ ቀስ ብሎ ደረቱን፣ ከዚያ የኮርቻው ማሰሪያ የሚያርፍበትን ከሆዱ ሥር ዳሰሰ። እጁ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። የጋሽ አየነውን እጅ ይዞ እዚያው ላይ አደረገው።

ጋሽ አየነው ባቄላ የምታህለውን እብጠት በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ወደ ቤት ገብተው ኮርቻውን ይዘው ወጡ፤ ራሳቸው አቃጠሉት። እትዬ ይታይሽ ትከሻቸውን ያዝ አድርገው አጠገባቸው ቆሙ።

ሐኪሙ በጊዜ ስለተደረሰበት ይድናል አለ። የዚያን ዓመት ጥር ዳማው ከቤት አልወጣም። ሕክምናው ብዙ ወራት ወሰደ። ዳንግላ ውስጥ የተሻለ ቦራ ሳይድን ቀረ፤ ተሻለ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ኋላ ወጣት ፈረስ ገዝቶ ሲመጣ ያስመዘገበው ራሱ ቢሮአችን ድረስ ይዞት መጥቶ ነው፤ «ታሪኩንም ጻፉልኝ፣ ልጓሙ አዲስ ነው» እያለ። ሌሎቹ ዳኑ።

በተከታዩ ዓመት ጥር ጋሽ አየነው ጠሩን። ጥርባ ሜዳው ላይ ፈረሰኞች ይሽቀዳደማሉ፤ የፈረሶቹ ጌጥ በፀሐይ ያብለጨልጫል፤ ሰዉ ዳር ዳሩን ቆሞ ይጮኻል። ዳማው በአዲስ ኮርቻ ሲወጣ እትዬ ይታይሽ ከሁሉም በላይ ጮኹ። ጋሽ አየነው አንድ ዙር ጋልበው መጡና ከፈረሱ ወርደው ልጓሙን ለእህታቸው ዘረጉ።

«በይ እንጂ» አሉ። «ከዓይኔ ቀድመሽ ያየሽው አንቺ ነሽ።»

እትዬ ይታይሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። መነጽራቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ። እኔ እጅ ልሰጣቸው ስጠጋ እሳቸው ኮርቻው ላይ ናቸው።

«እትዬ፣ ቀስ ይበሉ!» አልኩ።

«ተዋት!» አሉ ጋሽ አየነው እየሳቁ። «ልጅ ሆና የጥርባን ወንድ ሁሉ ያስለቀሰች ናት።»

ፈረሱን ነቅነቅ አደረጉት። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ፣ ከዚያ በግልቢያ። ሰዉ መንገድ እየከፈተላቸው፣ ሴቶቹ እልል እያሉላቸው ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋረጡት። እኔም መነጽራቸውን ደረቴ ላይ ይዤ እጮኻለሁ። ተመልሰው እፊታችን ሲደርሱ ፊታቸው ቀልቷል፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል፤ ይወርዳሉ ብለን ሁላችንም ተጠጋን።

አልወረዱም። የፈረሱን አንገት መታ መታ አደረጉና አዙረው እንደገና ጋለቡ።